አንድ ጂሜይል ለሁለት ጎረቤት

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድም ፋይል እጄ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ዐብዲፈታሕ ሱቅ የሰማሁት ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ነው።

ዐብዲፈታሕ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። የስልኬን ጀርባ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ባትሪው አብጧል፤ ቦርዱም ተነክቷል። በዚህ ሙቀት ሳምንት አይቆይም። አንዴ ከጠፋ ደግሞ የሚነሣ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጥልኛ!»

«ማስገቢያው ቻርጅ እንጂ ፋይል አያሳልፍም፣ አቦ። ሞክሬዋለሁ፤ ቴሌግራምም ሆነ አዲስ ጂሜይል መክፈትም አልቻለም። ያለሽ መንገድ በዋይፋይ ጂሜይልሽ ላይ ባክአፕ ማድረግ ነው። እሱ ደግሞ ሞልቷል፤ አሥራ አምስቱም ጊጋ።»

«ቦታ አይሸጡም?»

«ይሸጣሉ፤ ግን በውጭ ባንክ ካርድ ነው። አለሽ?»

የለኝም። ሞልቷል የሚለው ማስጠንቀቂያ ዓመት ሙሉ ሲመጣብኝ ነበር፤ እንደ ሎተሪ ማስታወቂያ ሳላነበው አልፈዋለሁ። ለካ ከሞላ በኋላ ስልኩ የያዘው ሁሉ ስልኩ ላይ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ውስጥ የእናቴ የመጨረሻ ወር አለ። እሷን ላስታምም ፈቃድ ወጥቼ ቤት ስለዋልኩ ከቢሮው ዋይፋይ ርቄ ነበር፤ ስመለስ ቦታው ሞልቶ ጠበቀኝ። አሥራ አንድ ቪዲዮ ነው። እናቴ ወይዘሮ በለጠች አልጋዋ ላይ ሆና ስትቆጣኝ፣ ስትመርቀኝ፣ አባቴ ይነዳው የነበረውን ባቡር ጡሩምባ በአፏ ስታስመስል። ሌላ የትም ቦታ የሉም።

«ሁለት ጊጋ ካስለቀቅሽ ይበቃሻል» አለኝ። «ማጥፋት ብቻ ግን ዋጋ የለውም። የጠፋው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስልሳ ቀን ይቀመጣል። ቦታ የምታገኚው መጣያውን ባዶ ስታደርጊ ነው። ያኔ ግን መመለስ የለም።»

ቀላል ይመስላል። ችግሩ አካውንቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት እኔና ጎረቤቴ ሙልኪ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ስልክ ገዛን። የሸጠልን ይኸው ዐብዲፈታሕ ነው፤ ሙልኪ የእናቱ እኅት ናት፣ ከፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ያኔ ልጁ ገና ጀማሪ ነበርና ለሁለታችን አንድ ጂሜይል ከፈተልን። «አንዳችሁ ፓስወርዱን ብትረሱ ሌላችሁ ታስታውሳላችሁ» አለ። እኛም ብልህ ልጅ ነው ብለን መረቅነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ያነሣችው እኔ ጋ፣ እኔ ያነሣሁት እሷ ጋ ይመጣል። የእሷ ጣቃ ጨርቅ ከእኔ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጎን ይደረደራል። ምን የምንደባበቀው ነበረንና!

ባለፈው ዓመት ግን ተኳረፍን። እናቴ ያረፈችው የሙልኪ ልጅ ካውሰር መልካ ጀብዱ በተዳረችበት ቀን ነው። ሙልኪ ለቀብሩ አልደረሰችም። የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የሠርጉ ሂና እጇ ላይ እንደቀላ። ሂና በሦስት ቀን እንደማይለቅ አጥቼው አይደለም። ግን እናቴን ሃያ ዓመት «እማዬ» እያለች የኖረች ሴት በሙሽራ እናት እጅ ድንኳናችን ውስጥ ስትገባ ደሜ ፈላ። ፊቴን አዞርኩባት። ጥግ ላይ ትንሽ ተቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም።

ይባስ ብሎ ሠርጉ በዚያው ሳምንት ጂሜይላችን ውስጥ ገባ። ፎቶ የሚደረደረው በቀን ነውና፣ የእናቴን ቀብር ቀን በከፈትኩ ቁጥር እልልታ ነው የሚቀበለኝ። አሁን ደግሞ ዐብዲፈታሕ ቆጥሮ እንዳሳየኝ፣ የመጨረሻዋን ክፍት ቦታ የሞላው ያው ሠርግ ነው። የእናቴን ቦታ ሠርግ በላው! ከሱቁ ስወጣ ልቤ ቆርጦ ነበር። ሠርጉን አጠፋዋለሁ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ጭር ሲል፣ ዋይፋዩን ከፍቼ ቀኑን ፈለግሁ። ሠርጉ የለም። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አንድም ፎቶ የለም። ቦታው ግን አሁንም ሙሉ ነው። የልጁ ነገር ትዝ አለኝና ቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ።

ሁሉም እዚያ ነበር። ሦስት መቶ አርባ ፎቶና ስድስት ቪዲዮ። ካውሰር በቬሎ፣ ካውሰር ከአማቾቿ መሀል፣ ሙልኪ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ። ከእያንዳንዱ ሥር 59 ቀን ይቀረዋል ይላል። የተጣሉት ትናንት ነው ማለት ነው። እኔ አልጣልኳቸውም፤ ከእኔ ሌላ ደግሞ ይህን አካውንት የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ሙልኪ። ዐብዲፈታሕ ለአክስቱ ነግሯታል።

«ባዶ አድርግ» የሚለው ላይ ጣቴን አንዣብቤ ቆየሁ። አንዴ ብነካው እናቴ ትተርፋለች። ውሸት አልወድም፤ ልነካው ነበር። ግን ያቺ ልጇን አቅፋ የምታለቅሰው ሙልኪ ዓይኔ ላይ ቀረች። የጣለችው ለእኔ፣ ፊቴን ላዞርኩባት ለእኔ ነው። አፈርኩ። ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩና ቢሮውን ዘግቼ በባጃጅ ወደ ቤቷ በረርኩ።

ሙልኪ ስስ ድሪያ ቀሚሷን ለብሳ ቬንትሌተር ሥር ጋደም ብላ አገኘኋት። ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«ሠርጉን ጣይው ማን አለሽ?»

ብድግ አለች። «መጣያውን አላጸዳሽውም እንዴ? እኔ አልሆንልሽ ብሎኝ ነው የተውኩልሽ።»

«መለስኩት።»

«አብደሻል? ስልክሽ ሊሞት ነው አሉ እኮ!»

«ቢያንስ ጨርቁን አትጥይም ነበር? ሺህ ፎቶ ጨርቅ አለሽ!»

«ጨርቁን አንድ በአንድ እስክለቅም ስልክሽ ይጠብቃል? ሠርጉ አንድ ቦታ ነው፤ ከባድ ነው፤ አንዴ ይወጣል።»

«የልጅሽ ሠርግ እኮ ነው፣ ሙልኪ!»

«ካውሰር አለችልኝ፣ አባዮ፣ እኅቴ» አለች። «ስትናፍቀኝ ባጃጅ ተሳፍሬ መልካ ጀብዱ እሄዳለሁ። አንቺ እማዬን የት ሄደሽ ታያታለሽ?»

ስልኳን አነሣችና ምንጣፉ ላይ ጎትታ አስቀመጠችኝ። ጨርቋን በቴሌግራም ስለምትሸጥ ከእኔ ይልቅ ነገሩን ታውቀዋለች። ያለውን ሁሉ በክብደቱ ደረደረችው። ከላይ የወጣው ሠርጉም ጨርቁም አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የተቀረጸ የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ የእኔ። ስትከፍተው ጥቁር ጨለማ ሆነ። ከጨለማው ውስጥ እኔ ከባጃጅ ነጂ ጋር ስጨቃጨቅ ይሰማል። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ በራሱ ጊዜ ሲቀርጽ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ደርሷል።

«ወላሂ አምስት ጊጋ ጨለማ!» አለች ሙልኪ። ዓመት ሙሉ ያልሳቅነውን ሳቅን። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እኔ፣ ቦታውን የበላሁትም እኔ።

ጨለማውን ጣልነው፤ መጣያውንም ባዶ አደረግነው። ከዚያ ስልኬን ከቤቷ ዋይፋይ ጋር አገናኝታ ቬንትሌተሩን ወደሱ አዞረችለት። ስልኩ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግሏል። እኔ በልቤ እየጸለይኩ፣ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠበቅን። ቪዲዮዎቹ አንድ በአንድ እሷ ስልክ ላይ ብቅ አሉ። አንድ። ሁለት። አምስት። አሥራ አንደኛው ሲገባ ሙልኪ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነካችው።

ያንን አልነበረም እንድትከፍት የፈለግሁት።

እናቴ ትራሷን ተደግፋ ትታያለች። «ከሙልኪ ቤት ዛሬ ድምፅ የለም፤ ምነው?» ትላለች።

«ነገ ሠርጉ ነው፤ መልካ ጀብዱ ሄደዋል» ይላል የእኔ ድምፅ።

«እሰይ። እኔ አንድ ነገር ብሆን እንዳትጠሯት። ልጇን በደስታ ትዳር። ሰምተሻል፣ የምሥራች ልጄ?»

«እሺ እማዬ» ይላል የእኔ ድምፅ።

ሙልኪ ቀና ብላ አየችኝ። ዓመት ሙሉ የቀጣኋት፣ እናቴ ራሷ አትምጣ ስላለችበት ቀን ነው፤ ያንንም በጆሮዬ ሰምቼ፣ ስልኩን በእጄ ይዤ፣ እሺ ብዬ። አልረሳሁትም ነበር። የሚጠላ ሰው ፈልጌ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቅርብ ነበረች።

«ሙልኪ፣ ይቅር በ...»

«ቆይ» አለችኝ። እንባዋ መንታ መንታውን እየወረደ ነበር። «ቆይ አባዮ፤ መጀመሪያ እማዬን ላልቅሳት። አላለቀስኳትም እኮ።»

ነጠላዬን አውርጄ ወገቤን አሰርኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ከሰዓት እናቴን አለቀስናት።