መሞከሪያው ሸክላ

አንጋፋው ድምፃዊ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ በአፍንጫው እያላዘነ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚዘፍነውን ዘፈን ራስጌ ካለች ማጫወቻ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ብቻ ለአራተኛ ጊዜ ጀመረው። ሬዲዮ ሠሪው አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሌላ ምን ያድርግ? አንደበቱ ከተዘጋ፣ ቀኝ ጎኑ ከከዳው ሁለት ወር ሞላው። የሚታዘዝለት ግራ እጁ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ጆሮው ግን፣ ወይ ጉድ፣ እንደ ድሮው ነው። ምነው እሱንም አብሮ በወሰደልኝ ይላል በሆዱ።

አይወደውም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ማሽሞንሞን አያስፈልግም። አገር ምድሩ የሚሰግድለትን፣ ሬዲዮ ጋዜጠኛው ስሙን ከመጥራቱ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግለትን፣ ሽማግሌው የሚያለቅስለትን፣ ወጣቱ ሸሚዙ ላይ የሚያትመውን ይህን ሰውዬ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ አይወደውም። ድምፁን ሲሰማ ቆሽቱ ያርራል። ግጥሙ ጥልቅ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ድፍርስነቱን እንጂ ጥልቀቱን አይቶት አያውቅም። በጎረምሳነቱ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጦ "ይሄ ሰውዬ ያንቀላፋል እንጂ ይዘፍናል እንዴ?" ቢል፣ እናታቸውን የሰደበ ይመስል ወንበር አነሱበት። ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ነክቶት ነው ከጠዋት እስከ ማታ እሱን የሚያሰማው? ጥፋቱ የራሱ የሬዲዮ ሠሪው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ሱቁ ሸክላ ማጫወቻ ሲጠግን፣ ተሠርቶ ያለቀውን ሁሉ የሚሞክረው በአንድ ሸክላ ነበር፤ በአንጋፋው ሸክላ። አዲስ የተገጠመ መርፌ አይታመንም። መርፌውን የያዘው ክንድ ትንሽ ከከበደ ሸክላውን ጭሮ ጭሮ ያበላሸዋል። የሚወደውን ሸክላ ለእንዲህ ያለ መርፌ የሚሰጥ ጅል የለም፤ የሚሰጠው የጠላውን ነው። እሱም አንጋፋውን በየቀኑ መርፌ ስር እያስተኛ ሲያስቧጭረው ውስጥ ውስጡን ደስ ይለው ነበር፣ ምን ይደበቃል። በደጅ የሚያልፈው ሰው ግን የሚሰማው ዘፈኑን ነው። "አቤት ፍቅር! ሌላ ዘፈን እኮ አይከፍትም!" ይባልለት ጀመር። ደንበኛ በዚህ ምክንያት ወደደው፤ እሱም ዝም አለ። ሚስት ሲያገባ ዝም አለ፣ ልጅ ሲወልድ ዝም አለ። አሁን ልናገር ቢል ከየት ይምጣ?

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ የታመመ ሰሞን ልብስ ሰፊዋ ልጁ አንዲት ትንሽ ማጫወቻ አምጥታ ራስጌው ላይ ያስቀመጠችለት። የአንጋፋው ዘፈን አንድም ሳይቀር ተጭኖባታል። በመጀመሪያው ቀን ከንዴቱ ብዛት እንባው ዱብ ዱብ አለ።

"አየሽው እማዬ! ልቡ ተነካ!" አለች ልጅቱ። ባለቤቱም አብራ አለቀሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ግራ እጁን ወደ ማጫወቻዋ ሰነዘረ። ሐሳቡ ከወለሉ ጋር አላትሞ ሊሰብራት ነበር። ጣቶቹ ጫፏን ነክተው ወደቁ።

"እጁ! እጁን አንቀሳቀሰው!" ባለቤቱ ጮኸች። "ሊያቅፋት እኮ ነው የኔ ጌታ!"

እጅና እግሩን ልታሠራው የምትመጣው ነርስ ሳትቀር "ሙዚቃው እየረዳው ነው፣ ድምፁን ጨምሩለት" አለች። ጨመሩለት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው መጣ። የሁለቱን ሱቅ የሚለየው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ሻይ ጠጥተዋል። ጉልበቱ ደረጃ አላስወጣ ብሎት ነው እስከ ዛሬ የቀረው። የሬዲዮ ሠሪውን ምስጢር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። በሽተኛው ድምፁን ከበር ሲሰማ፣ ተመስገን፣ ዳንኩ አለ በሆዱ።

ሰዓት ሠሪው ገና ሳይቀመጥ ጆሮውን ቀሰረ። "ይሄን ደግሞ ማነው የከፈተው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለች ልጅቱ። "የሚወደውን ነዋ።"

"የሚወደውን?" ሽማግሌው ከሳቁ ብዛት ከዘራው ከእጁ ወደቀ። "ኧረ ልጄ፣ ሰውዬውን ገደላችሁት! አባትሽ እኮ ይሄን ሰውዬ ዓይኑን ማየት አይፈልግም! መሞከሪያው ነበር። ለመርፌ መሞከሪያ የሚያዘው ቢበላሽ የማያሳዝን ሸክላ ነው።"

የባለቤቱ ፊት ተለዋወጠ። "ምን ማለትህ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ነው የኖርኩት ታዲያ?"

"ነገርኩሽ እኮ እህቴ። በሉ ይሄን አጥፉና የሚወዳቸውን ክፈቱለት፤ የሱቁ ባንኮኒ ስር፣ ሳጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የጠቀለላቸውን። የባቡር ሠራተኞቹ ባንድ አለ፣ ያቺ ድምፀ ሻካራዋ ሴትዮ አለች። በዓመት አንዴ ሱቁን ዘግተን፣ በደህና መርፌ ነበር የምንሰማቸው። 'ሥራ ያቆምኩ ለት እጠግባቸዋለሁ' ይለኝ ነበር።"

ልጅቱ አልሳቀችም።

"እነሱ... ጭረት እንኳን አልነበራቸውም ጋሼ። ከነማኅደራቸው አዲስ ናቸው። ሰምቷቸው የማያውቅ መሰለኝ። ሱቁን ስናስረክብ ያቺን የተቧጨረችውን የአንጋፋውን ሸክላ፣ የሚወዳት ናት ብዬ አስቀረሁና፣ ሳጥኑን ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ሰጠሁት። ይቺን ማጫወቻ የቀየርኩት በነሱ ነው። እሱም ወዲያው ለሩቅ አገር ነጋዴ አሳልፏቸዋል።"

ሬዲዮ ሠሪው ሰማ። ያን ጨርቅ ራሱ ነበር የሚያጥበው፣ ማንም እንዲነካው አይፈልግም ነበር። ሄዱ። አንድ በአንድ ለቅሞ፣ አቧራቸውን በትንፋሹ ሳይቀር ጠብቆ፣ ለመልካም ቀን ያስቀመጣቸው ሄዱ። ይህንንም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰማ።

ልጅቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ ሁለት ጣቶቿን ግራ መዳፉ ውስጥ አስገባች። መርፌ የወጋጋቸው፣ ጫፋቸው የሻከረ ጣቶች ናቸው።

"አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንጋፋውን የምትወደው ከሆነ ጨብጠኝ። ካልወደድከው እጅህን ዝም በለው፣ ይገባኛል። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እምልልሃለሁ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይከፈትም።"

ሁለት ወር ሙሉ የለመነው ጥያቄ ይኸው መጣ። ምንም አድርግ አልተባለም። እጁን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ ይችልበታል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው። እስኪሞት ድረስ ጸጥታ።

ልጁን አያት። በሁለት ወር ውስጥ አርጅታለች። ቀን ስፌት፣ ማታ እሱን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ። ዓይኗ መዳፉ ላይ ተተክሏል። እጁ ዝም ካለ ዘፈኑ ይጠፋል፤ እሷ ግን ያን ሳጥን በገዛ እጇ ተሸክማ ከሱቁ የወጣችበትን ቀን ዕድሜ ልኳን ስታየው ትኖራለች። አንጀቱን በላችው።

ጨበጣት። እንዳትጠራጠር ብሎ ደግሞ አጥብቆ ጨበጣት።

"አዩ ጋሼ! አዩ!" አለች፣ እየሳቀች እያለቀሰች። "ይወደዋል! ወይኔ፣ እንዴት አስደነገጡኝ!"

ሰዓት ሠሪው ሊናገር አፉን ከፈተ። ከትራሱ ላይ አፍጥጠው የሚለምኑትን ሁለት ዓይኖች ሲያይ መልሶ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ከዘራውን አነሳ።

"እርጅና ነው ልጄ" አለ። "ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብኝ ይሆናል።"

ልጅቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ድምፁን ጨመረችለት። አንጋፋው ስለ ዝናብና ስለ መንገድ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።