ለሰዓት ሠሪው የታየው መልአክ

ፀጉር አስተካካዩ ሰው አያምንም የሚባለው ለወሬ ማሟሟቂያ አይደለም። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» ሳይለው ቀርቶ አያውቅም ይላሉ። ዝናብ ሲዘንብ እጁን በመስኮት አውጥቶ ውሃ መሆኑን ያረጋግጣል። ሰፈሩ «መርማሪው» የሚል ስም ያወጣለትም በዚሁ ጠባዩ ነው። እሱ ግን ስሙን ማን እንዳወጣለት እስካሁን እያጣራ ነው።

ምርመራውን የሚያካሂደው ወንበሩ ላይ ነው። ደንበኛው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉሮሮው ሳሙና ተቀብቶ፣ ምላጩ ከአገጩ ሥር መንቀሳቀስ ሲጀምር ጥያቄ ይቀርብለታል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ የሚዋሽ ሰው ምራቁን ይውጣል፤ ምራቁን ሲውጥ ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ መርማሪው ምላጩን ያነሣና «እህ...» ይላል። በዚህች «እህ» ስንቱ በላብ ተጠምቋል! አንድ ሥጋ ሻጭማ ማንም ስለ ሚዛን ሳያነሣበት የሚዛኑን ጉድ ዘርግፎ፣ ከወንበሩ ሲነሣ ሁለት ኪሎ ቀሎ ተገኘ ተብሏል።

ሌላውስ ይሁን፣ የምታሳዝነው ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው ገና በልጅነቱ ሲሞቱ ቤት ተቀምጣ የሰው ልብስ እየሰፋች አሳደገችው። ዛሬ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። አግቢኝ የሚላት ጠፍቶ አይደለም፤ የመጣው ሁሉ ግን በወንድሟ ወንበር በኩል ማለፍ አለበት። አናጺው «ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃል፣ የሚደብቀው ነገር አለ» ተብሎ ተባረረ። አስተማሪው «ዓይኖቹ በጣም ተቀራርበዋል፣ ይመካከራሉ» ተባለ። አንድ ደህና ሾፌር መጥቶ ቢበረበር ቢበረበር እንከን ሲጠፋበት ደግሞ «እንከን የሌለው ሰው እንዴት ይታመናል?» ተብሎ ተሸኘ።

እንዲህ እያለ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ቤታቸው መጣ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲናገርም ቃላቱን አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሣ የሚያስቀምጥ የሚመስል ሰው ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መልአክ ታየኝ» አለ።

ከጓዳ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ምን ታየኝ አሉ ጋሼ?»

«መልአክ። ሱቄ ውስጥ፣ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ስጠግን። እህትህን እንዳገባት ነገረኝ።»

ሰውን አይሆንም ማለት ለመርማሪው እንደ ማስነጠስ ቀላል ነው። መልአክን ግን እንዴት አድርጎ? ዘካርያስ የሚሉት ካህን እንኳ፣ ያውም ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆሞ፣ መልአክ የነገረውን ቢጠራጠር ልጁ እስኪወለድ ድረስ አንደበቱ ተይዞ በእጁ ሲያወራ ከርሟል። ፀጉር አስተካካይ ደግሞ አንደበቱ ከተያዘ ምን ይቀረዋል? መቀስ ብቻ። ለመቀስ ብቻ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ በየትኛው አገር ታይቶ!

«እስቲ ላስብበት» አለ። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ይኸ የመጀመሪያው ነው።

ሰዓት ሠሪው ከሄደ በኋላ ወደ ጓዳ ዘለቀ። «እትዬ፣ ሰምተሻል?»

«ምኑን?»

«መልአኩን ነዋ!»

«እንግዲህ እሱ ካለ ምን ይደረጋል» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አልደነገጠችም። መርማሪው ይህን ልብ ብሎ ነበር፤ ግን እሷን መጠርጠር አመሉ ስላልሆነ «እምነቷ ነው» ብሎ አለፈው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰባኪ ጢማቸውን ሊያስተካክሉ መጡ። ጢማቸው ሰፊ ነው፤ አንድ ጊዜ ወፍ ተኝታበት አድራለች እያሉ የሚምሉ አሉ። መርማሪው ፎጣውን አንገታቸው ላይ አስሮ ሲያበቃ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«መምህር፣ የመላእክት ሥራ ግን ምንድን ነው?»

«መልእክት ማድረስ ነዋ። ይጠብቃሉ፣ ይዋጋሉ፤ ነቢያት ያዩት ራእይ ሲያስጨንቃቸው ፍቺውን ይነግራሉ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ መለከት ይነፋሉ፣ ስንዴውን ከእንክርዳዱ ይለያሉ።»

«በሰው ትዳርስ ይገባሉ?»

«ዮሴፍን በሕልሙ ማርያምን ለመውሰድ እንዳይፈራ የነገረው ማን ሆነና!»

መርማሪው መቀሱን አስቀመጠ። «በቃ፣ አለቀልኝ።»

«ቆይ እንጂ፣ ሰውዬ! ያ እኮ የዓለም መድኃኒት የሚወለድበት ጉዳይ ነው። መልአክ ዝም ብሎ ደላላ አይሆንም። ደግሞም የታየ ሁሉ አይታመንም፤ ሰይጣንም ሲያሻው ብርሃን ለብሶ ይመጣል።»

«ታዲያ በምን ይለያል?»

«እውነተኛው ሲመጣ ሰው ይደነግጣል፣ እሱም አትፍራ ብሎ ያበረታል። ለራሱ ክብር አይፈልግም። ዮሐንስ እግሩ ሥር ሊሰግድ ሲደፋ፣ እኔም እንዳንተው አገልጋይ ነኝ፣ ለፈጣሪ ስገድ ብሎ ነው የከለከለው። ስግደት የሚጥመው ከሆነ ግን እግሬ አውጪኝ ማለት ነው።»

«እኔ ተጠራጥሬ፣ እሱ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ?»

«የዘካርያስን ታውቃለህ» አሉ ሰባኪው መስታወቱን እያዩ። «በግራ በኩል ትንሽ ቀርቶሃል።»

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪው ሲነሣ ድምፁ ሻክሮ ቁጭ አለ። ከአልጋው ሳይወርድ የፊደል ገበታን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረደበት፤ አንዳንዱ ፊደል ወጣ፣ አንዳንዱ እንደ ተዘጋ ቧንቧ አየር ብቻ ሆነ። ጉንፋን ነው እንዳይል፣ ጉንፋንም ማን እንደላከው አይታወቅ። ነገሩ በቶሎ መጣራት እንዳለበት ገባውና ሱቁን ከፍቶ በሩ ላይ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ሲያልፍ ጠብቆ ያዘው።

«ይግቡ ጋሼ፣ ዛሬ በነጻ ነው።»

ሰዓት ሠሪው በነጻ የሚለውን ሲሰማ አካባቢውን ቃኘ። ግን የሚፈልጋት ሴት ወንድም ነውና ገብቶ ተቀመጠ። አንገቱ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ሳሙናው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተቀባ፤ ምላጩ ከቀኝ ጉንጩ ተነሣ።

«እስቲ ስለዚያ እንግዳዎ ያጫውቱኝ። ምን ይመስላል?»

«ነጭ ነው።»

«ክንፍስ አለው?»

«አለው።»

«ስንት?»

ማንቁርቱ ከፍ አለ። «ያየሁት... ሁለት።»

«ነቢዩ ያያቸው ስድስት ስድስት ነበራቸው።»

«ሱቄ ጠባብ ናት። የቀረውን አጥፎት ይሆናል።»

መርማሪው መልሱን ወደደው፤ ስለወደደውም ይበልጥ ጠረጠረው። የቀኙን ጉንጭ ጨርሶ ወደ ግራው ሊዞር ሲል ቆም አለ።

«ሲመጣ መጀመሪያ ምን አለዎት?»

«አትፍራ አለኝ።»

«ፈርተው ነበር?»

«አትፍራ ሲለኝ ነው የፈራሁት።»

«ከዚያስ?»

«እግሩ ሥር ተደፋሁ።»

ይህችን ነበር የሚጠብቀው። መርማሪው የራሱን ትንፋሽ ሰማ። መልአኩ ስግደቱን ከወደደው ሰይጣን ነው፣ ሰዓት ሠሪውም ከእነርሱ ቤት ይርቃል። ካልወደደው ግን እውነተኛ ነው፤ እህቱ መሄዷ ነው፣ የእሱም ጉሮሮ መዘጋቱ ነው።

«ሲደፉ ምን አለዎት?» አለ በሻከረ ድምፁ።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ጨፈነና በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። «ተነሣ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል! ሱሪ የሚያጥበው ሰው ጠላትህ ነው እንዴ? አለኝ።»

ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ከሰማይ የወረደ መልአክ ሰዶምን አቃጥሏል፣ የአንበሳ አፍ ዘግቷል፣ እስር ቤት ከፍቷል። ስለ ሱሪ የተጨነቀ ግን አንድም የለም። ይህን ድምፅ ደግሞ መርማሪው ያውቀዋል። በልጅነቱ አቧራ ላይ ተንበርክኮ በተጫወተ ቁጥር ከመስኮቱ ይወርድበት የነበረው ይኸው ነው፣ ቃል በቃል፣ ከነቁጣው።

«ይጠብቁኝ» አለና ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሰዓት ሠሪው አንገቱን ቀና ሳያደርግ እሱ መንገዱን ተሻግሮ ነበር።

እህቱ የሰው ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ታጥፋለች።

«እትዬ፣ ክንፍሽን የት ሰቅለሽው ነው?»

ቀና አላለችም። «ሱሪውን ተናገረ አይደል? ሳስጠናው ወለሉ ላይ ሲደፋ ጊዜ አመለጠኝ። እሱ ደግሞ የነገሩትን አይጥልም፣ ሞኝ!»

«በመልአክ! በፈጣሪ መልእክተኛ እኔን ታታልይኛለሽ?» ድምፁ ሞልቶ ወጣ፤ መውጣቱን እንኳ አላስተዋለም።

«በእሱ ስም መዋሸቴ ያቃጥለኛል። ንስሐ እገባበታለሁ» አለች መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰክታ። «አንተን ግን ይቅርታ አልልህም።»

«ለምን ብለሽ?»

«በምድር ላይ ያንተ ወንበር ያልበላው ሰው ስለጠፋ! አናጺው ሄደ። አስተማሪው ሄደ። ሾፌሩ ምን በደለህ? ቸግሮኝ ወደ ላይ አየሁ። የሚመልስልህንም ትናንት እራት ላይ መምህሩ ያሉህን ስታወራ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።»

«ሰውዬው እኮ ውሸታም ነው!»

«እውነቱን ይዞ ቢመጣ ታስገባው ነበር?»

መርማሪው የተባረሩትን አንድ በአንድ አሰበ፤ ሳቃቸውን፣ ዓይናቸውን። የሾፌሩን እንከን ዛሬም ቢፈልገው አጣው።

«አንተ ልጅ» አለች እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምንድን ነው የምትፈራው?»

ዓይኑ ስፌት መኪናው ላይ አረፈ። አንድ ሰው አግቢኝ ብሎ በመጣ ቁጥር መርማሪው የሚታየው ያ መኪና ድምፅ የማያሰማበት ቤት ነበር። ጠዋት ሲወጣ ጸጥ፣ ማታ ሲገባ ጸጥ። ይህን ደግሞ በየትኛው አፉ ይናገረው?

በሩ ተንኳኳ፣ ማንም ግባ ሳይልም ተከፈተ። ሰዓት ሠሪው ነው። የፀጉር ቤቱ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ አንደኛው ጉንጩ እንደ እንቁላል ተላጭቶ፣ በሌላኛው ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከመንገድ ማዶ የአንዲት ዳቦ ሻጭ ሳቅ ይሰማል።

«ምንም አልታየኝም» አለ እያለከለከ። «ሱቄ ውስጥ ታይቶኝ የሚያውቀው አይጥ ብቻ ነው። ከዋሸሁህ ጀምሮ የሠራሁት ሰዓት ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል። እህትህን የምፈልጋት እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።»

መርማሪው ጉሮሮውን ትኩር ብሎ አየው። ማንቁርቱ ንቅንቅ አላለም። ወደ እህቱ ዞረ።

«ይህንንም አንቺ ነሽ ያስጠናሽው?»

«ይህንን እኔ ባስጠናው አይጥ አላስገባበትም ነበር።»

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፋ። እህቱ ቀሚሱን አጣጥፋ ተነሣች። «ነገ ሁለታችንም መምህሩ ዘንድ ሄደን የሠራነውን እንናገራለን። ከዚያ እንጋባለን። አንተ እሺ ብትልም ባትልም እሄዳለሁ። እሺ ብትል ግን ደስ ይለኛል።»

መርማሪው ሰዓት ሠሪውን ከሳሙናው እስከ ጫማው አየው፤ የሚጠይቀው ነገር ከአንድ በቀር አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ከዚህ ይርቃል?»

«ኧረ! ከሱቅህ ጀርባ ባለው ቅያስ ነው። መስኮቱ ከተከፈተ፣ እሷ ስትሰፋ የመኪናው ድምፅ ወንበርህ ድረስ ይሰማል።»

የመርማሪው ትከሻ ወረደ። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ብቅ አለ፤ ሊመርቃቸውም እጁን ከፍ አደረገ።

«እውነቱን ነው» አለች እህቱ። «ሞክረነዋል።»

እጁ እንደተነሣ ቀረ። «ሞክረነዋል? መቼ? ይህን የሚያህል መኪና ማን ተሸክሞት ሄደ? እኔስ የት ነበርኩ?»

እህቱ ሰዓት ሠሪውን ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ከዚያም ወንድሟ የቀረውን ጉንጭ የሚላጭበት የሞቀ ውሃ ልታመጣ ወጣች፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና።