ወንድምጋሼ የሞላልኝ ፎርም

ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ሞተር ሲያስል ሰምቼ ብቻ የታመመበትን ቦታ ሳልፈታው እናገራለሁ። ጦር ሠራዊቱ መካኒኮች እንደሚፈልግ በሰማሁ ማግስት ምልመላ ጣቢያ ሄጄ ፎርም ይዤ ተመለስኩ። እንደሚወስዱኝ ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

በእኛ ቤት ፎርም የሚሞላው ወንድምጋሼ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ያስንቃል። የእኔን ያየ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስለዋል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱንም የባንኩንም ወረቀት እሱ ይጽፋል፤ እኔ አውራ ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ እፈርማለሁ። አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ማንበብ እሱን መጠርጠር ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀንም የቀለም ጣሳዎቹን ገፋ አድርጎ እየጠየቀኝ መሙላት ጀመረ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«"ቅዠት የሚያመጣ ዕፅ ወስደው ያውቃሉ?" ይላል።»

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከኮሌጅ በተመረቅን ሰሞን፣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያመጣውን ደረቅ እንጉዳይ በልቼ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከፍሪጅ ጋር ተጣልቻለሁ። ከዚያም ይቅርታ ጠይቄው ታርቀናል። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ወንድምጋሼን ግን አያስቀውም፤ ተሸክሞ ክሊኒክ የወሰደኝ እሱ ነዋ።

«አንድ ጊዜ ብለህ ጻፍ» አልኩት። «ከሦስት ዓመት በፊት። ክሊኒክ መሄዴንም ጨምር።»

«ይጥሉሻል እኮ።»

«እውነቱን ተናግሬ ይጣሉኝ። ደግሞም አይጥሉኝም።»

አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ፈረምኩ።

ከሳምንት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። ዓይኔም ጆሮዬም ሳንባዬም አለፉ፤ ሩጫው ላይ ሁለት ወንዶች ቀድሜ ገባሁ። በመጨረሻ ሐኪሟ ዘንድ ቀረብኩ። ሻለቃ ናት፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። ፎርሜን አየችና መነጽሯን አወለቀች።

«ይሄን ጽፈሽ እዚህ ድረስ መምጣትሽ ገርሞኛል።»

«እውነት ስለሆነ ነው፣ ሻለቃ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እውነት ነው?» አለችና ጮክ ብላ አነበበችው። «"ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ። አሁንም አልፎ አልፎ እወስዳለሁ።"»

ክው አልኩ። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ያ የሚያምር ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ደሜ ፈላ። ወንድምጋሼ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ! እዚያ ቢሆን ኖሮ አንዱን የቀለም ጣሳ አናቱ ላይ እደፋበት ነበር።

«የጻፈው ወንድሜ ነው» አልኩ። «ሳላነብ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የወሰድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደሜንም ሽንቴንም መርምሩ፤ የክሊኒኩንም ወረቀት አመጣለሁ።»

«ወንድምሽ ጠላትሽ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም! ከእኔ ሌላ ሰው የለውም።» ነገሩ የገባኝ ይህን ስናገር ነው።

ሻለቃዋ ባዶ ፎርም ገፋ አደረገችልኝ። «የማታነቢውን የምትፈርሚ ከሆነ ጄኔሬተር አላስነካሽም። በራስሽ እጅ ሙዪው።»

ሞላሁት። አስቀያሚ ነው፤ ግን ይነበባል። አንብባ ስትጨርስ ደንቡን ነገረችኝ። አንድ ጊዜ መውሰድ፣ ያውም ይህን ያህል ጊዜ ካለፈው፣ ብቻውን አያስጥልም። ነገር ግን ነገ የአእምሮ ሐኪም ያየኛል፤ ያን ቀን የነበርኩበትን ሁኔታ በዓይኑ ያየ፣ በደንብ የሚያውቀኝ ሰውም ቀርቦ ቃሉን መስጠት አለበት። ካልቀረበ ፋይሌ ይዘጋል። ጓደኛዬ ያን ቀን ከእኔ ብሶበት ስለነበር ምስክር አይሆንም። የቀረኝ አንድ ሰው ነው።

ወንድምጋሼ ከግቢው ውጭ አጥሩ ጥላ ሥር ይጠብቀኝ ነበር። ፊቴን ሲያይ አወቀ።

«አነበቡት?»

«እኔም አነበብኩት!» ብዬ ጮህኩበት። «በገዛ እህትህ ላይ እንዲህ ትሠራለህ?»

አልተከራከረኝም። «ክሊኒክ ውስጥ እኮ አላወቅሽኝም» አለ። «እጄን ጭምድድ አድርገሽ ይዘሽ፣ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" እያልሽ ነርሷን ትጠይቂያት ነበር። እናትና አባታችንን ቀብሬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን አንቺንም ያጣሁሽ መሰለኝ። አሁን ደግሞ ወታደር ልትሆኚ ነው። አልቻልኩም።»

አንጀቴን በላው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ያዙኝ። ሻለቃዋ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት።

«ካልመጣህ እቀራለሁ» አልኩት። «ከመጣህ እሄዳለሁ። መሄድ እፈልጋለሁ፣ ወንድምጋሼ። እችላለሁ ደግሞ።»

ጣቱ ላይ የደረቀውን ሰማያዊ ቀለም በጥፍሩ ይፈቀፍቅ ጀመር። ቆሜ ጠበቅሁት፤ ፍንክች አላልኩም።

«በስንት ሰዓት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ሰዓት።»

«እንግዲያው አንድ ሰዓት ላይ እንነሳ። ግን ስለዚያ ቀን ከጠየቁኝ ማልቀሴ አይቀርም፤ ሰው ፊት አሳፈርከኝ እንዳትይ።»