የትኛው ካርዮ

ድርጅታችን ስዋራ ቸታ ይባላል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው የእህቴ ባል ማስ ማርዎቶ (ማስ የወንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው) ሲሆን ያወጣውም ተናድዶ ነው። በሠርጉ ቀን አባቱ ንግግር አደረጉ። በሕይወታቸው ሰው ፊት ቆመው የተናገሩት ያኔ ብቻ ነው። የተከራየነው ድምፅ ማጉያ ግን ቃላቱን እርስ በርስ እያላተመ ስለበተነው ከሚስታቸው በቀር ያሉትን የሰማ አልነበረም። በዚያው ዓመት አረፉ። ማስ ማርዎቶ ፓሬ ገበያ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ትቶ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ማጉያ መግጠም ጀመረ። እኔ ገመድ ተሸካሚ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሥራችን የከብት ገበያው ነበር። ቀጥሎ የባድሜንተን አዳራሹ መጣ፤ እዚያ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ዳኛው በእጁ ብቻ ነበር የሚዳኘው። ከዚያ የአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከዚያ የወረዳው የስብሰባ አዳራሽ። ማስ ማርዎቶ አንድ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ያጨበጭባል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጭብጨባው ከየት ተመልሶ እንደሚመጣ ያዳምጣል። ለዚህ ነው በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ጥበቃዎች «ያ አጨብጫቢው» የሚሉት።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ለሠርግም ለግርዛትም ሰው የሚፈልገው ጥራት ሳይሆን ጣራ የሚያንቀጠቅጥ፣ ሞንታርቦ የሚሉት ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ሆነ። ሥራ ጠፋ። ሱራባያ ከተማ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ የፍሪጅ መደብር ነበረው፤ ለማስ ማርዎቶ የሻጭነት ቦታ ይዞለት ቆየ። እህቴ እንዳንግ ቃሏን አሳጥራ ነገረችው፤ እስከ ጾሙ ወር የሚያዛልቅ ሥራ ካልተገኘ ሱቁን ዘግተን እንሄዳለን። እሱም እሺ አለ። ያን ሳምንት ለማንም አላጨበጨበም።

የሱምበርሎ መንደር መስጊድ ሥራ የመጣው ያኔ ነው። የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጂ ሙስታማር በወረዳው አሥራ አንድ መስጊዶች ኅብረት ውስጥም ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። ሥራችንን ወደውት አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ ሌሎቹ አሥሩ ይከተላሉ፤ ካልጻፉ ደግሞ ፍሪጅ ነው። ይህን ማስ ማርዎቶም እኔም በደንብ እናውቅ ነበር።

ሱምበርሎን የመስኖ ቦይ ለሁለት ይከፍላታል። አሮጌዎቹ አራት ጡሩምባ ድምፅ ማጉያዎች ከመስጊዱ ግንብ ላይ ወደ ሩዝ መፍጫው ግድግዳ ዞረው ተሰቅለው ነበር። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይጋጫል። የመስጊዱ ሙአዚን ሳርፒን ሰው ሲሞት የሚያስታውቀው በዚሁ ነው። እሱ እንደነገረን፣ ሰዉ የሚሰማው «ኢና ሊላሂ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ማን እንደሞተ አይለይም። እኛ ሳቅን። ጡሩምባዎቹን አወረድን፣ በምትካቸው ስምንት ትናንሾችን አነስ ባለ ኃይል ወደየሰፈሩ አዞርን፣ የመፍጫውን ግድግዳ አንዱም እንዳያየው አደረግን። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብን።

በመጨረሻው ቀን ሳርፒን ማይኩ ላይ እስከ ሃያ ቆጠረ። እኔ ከቦዩ ማዶ ቆሜ እያንዳንዱን ቁጥር ሰማሁ፤ በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት መካከል የዋጠውንም ምራቅ ጭምር። ሐጂ ሙስታማርም ሰምተውታል።

«ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት» አሉ ማስ ማርዎቶን። «ይሄ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«ጥሩ ነው፣ ፓክ ሐጂ።»

«እንግዲህ ከስብከት በፊት ጥርሴን መፋቅ ሊኖርብኝ ነው» አሉና ሳቁ። ዕቃው ወር ሲሞላው አይተው ደብዳቤውን እንደሚጽፉ ነገሩን።

ወሩ ሳይሞላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማለዳ፣ ሳርፒን ምባህ ካርዮ፣ አባባ ካርዮ ማለት ነው፣ ማረፋቸውንና ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንደሚቀበሩ አስታወቀ። ሱምበርሎ ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ካርዮዎች ነበሩ። አንዱ ከቦዩ ምዕራብ፣ ሁለት ጥንድ ጎሽና ሰፊ ቤት ያላቸው፣ ካርዮ ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስባቸው። ሌላው ከቦዩ ምሥራቅ፣ ወንዙ ዳር ለብቻው በቆመ ቤት የሚኖሩ ጡብ ሠሪ። የሞቱት ጡብ ሠሪው ናቸው።

ሰፈሩ በሙሉ ስሙን ጥርት አድርጎ ሰማ፤ ሰምቶም ወደ ምዕራብ ሄደ። ሴቶቹ ሩዛቸውን በሳፋ ይዘው ገቡ፤ ወንዶቹ ለቃሬዛ የሚሆን ቀርከሃ ከጓሮ መቁረጥ ጀመሩ። የቤቱ እመቤት ባላቸው ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ውኃ ሊያዩ ወደ ማሳ እንደወጡ ስለሚያውቁ፣ እዚያው ወድቀው ቀርተዋል ብለው ያለቅሱ ነበር። ምባህ ካርዮ ዶማቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ከጓሯቸው ቀርከሃ የሚቆርጥ ጎረቤት አገኙ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ጎረቤትየው ቀና ብሎ አያቸው። «እርስዎ ነዎት ተብሎ ነበር።»

«እና ሞቷል ብላችሁ ነው ቀርከሃዬን ሳታስፈቅዱ የምትጨርሱት?»

ይህ ንግግር እስከ ገበያው ድረስ ሄደ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እመቤቲቱም ደስ ብሏቸው የመጣውን ሩዝ ቀቀሉና ሰዉን አበሉ። ባልየውም በሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲበላ፣ ታዲያ የሞተው ማነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሳርፒን መስጊዱ ውስጥ ቃሬዛ ሲጠብቅ ቆየ። ረፋድ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ማንም ስላልመጣ ቢጨንቀው ብስክሌቱን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ሄደ። አስከሬኑ አልታጠበም። አጠገቡ ሚስትየው ምቦክ ሩክሚ፣ እትዬ ሩክሚ እንደማለት፣ እና አንድ ጡብ ተሸካሚ ብቻ ተቀምጠዋል። አንዲት ልጃቸው ቱሚኒ ባሕር ማዶ ካሊማንታን ናት። ምቦክ ሩክሚ ያለችውን ሳርፒን ቃል በቃል ነገረን።

«ስሙ ሲጠራ ከዚህ ሆኜ ሰማሁት። ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። አሁን ሰው ይመጣል ብዬ በሩን ከፈትኩ።»

የጡብ ሠሪው ቀብር በዚያ ቀን በጥቂት ሰው ብቻ ተፈጸመ። በማግስቱ ኮሚቴው አስጠራን። ሐጂ ሙስታማር አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። አዲሶቹን አውርደን አሮጌዎቹን እንድንመልስ በትሕትና ለመኑን። እኔ አላስቻለኝም። ዕቃው የተባለውን ተናገረ፤ የትኛው ካርዮ እንደሆነ ያልተናገረው ሰው ነው አልኩ።

«ማስ ኩስ» አሉኝ ሐጂው፣ «አሮጌው አንድም ቀን ወደተሳሳተ ቤት ልኮን አያውቅም።»

«አሮጌው መች አንድ ቃል ተናግሮ ያውቃል፣ ፓክ ሐጂ?»

ማስ ማርዎቶ ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ። ከዚያ ወደ ሳርፒን ዞሮ፣ በአሮጌው ጊዜ ሰዉ የሞተውን እንዴት ያውቅ እንደነበር ጠየቀው። ሳርፒን ይህ ምን ጥያቄ ነው በሚል ፊት መለሰ። «ኢና ሊላሂ» ሲሰማ ሰዉ ወደ መስጊዱ አጥር ይመጣል። «ማን?» ይላሉ፤ «ካርዮ» ይላል። «የትኛው?» ይላሉ፤ ይነግራቸዋል። ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው። ማይኩ ላይ ስም ብቻ የሚጠራው ሌላው በአጥሩ ላይ ስለሚያልቅ ነው።

ማስ ማርዎቶ ግድግዳውን ለክቷል፣ ነፋሱን ለክቷል፣ ጣራውን አጨብጭቦ አዳምጧል። አጥሩን ግን አላየውም።

«የማስታወቂያውን ግማሽ ነቅለን ወስደናል» አለ በመጨረሻ። «ስናወርደው አላወቅንም።» እስከ ሟቹ ሰባተኛ ቀን ጸሎት ድረስ ጊዜ እንዲሰጡት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አውርድ ካሉት በገዛ እጁ ያወርዳል። ሐጂው ሰጡት።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ወንዙ ዳር ሄድን። ሩዝ ይዘናል። ምቦክ ሩክሚ ተቀበለችን፤ ሻይ ልታፈላ ተነሳች፣ አይሆንም ብንልም አፈላች። ማስ ማርዎቶ ይቅርታ ሲጠይቃት እጇን አወዛወዘች። እሱ ግን የመጣው ለሌላም ነበር። ባለቤቷ ሲጠሩ እንዴት ተብለው ቢጠሩ እንደምትወድ ጠየቃት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ብዙ አሰበች።

«የጡቡ ካርዮ በሉት» አለች። «ከቦዩ ምሥራቅ። የቱሚኒ አባት።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «የሩክሚ ባል» አለች፤ እያፈረች።

እሱም የገመድ ካርቶን ቀድዶ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፈው። ስም፣ ሥራ፣ ሰፈር፣ የማን አባት፣ የማን ባል። ከሥሩ፣ «ሦስት ጊዜ ተንፍስ። ድገመው።» ካርቶኑን ማይኩ አጠገብ ሰቀለው።

በሰባተኛው ቀን ተሲያት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሳርፒን ካርቶኑን እያየ አነበበ። እኔ ከቦዩ ማዶ፣ ቁጥር ያዳመጥኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። የጡቡ ካርዮ፣ ከቦዩ ምሥራቅ፣ የቱሚኒ አባት፣ የሩክሚ ባል። ዝምታው ረዘመብኝ፤ ገመድ የተበጠሰ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደገመው። ማስ ማርዎቶ ከአጠገቤ ቆሞ የቀርከሃውን ድልድይ ያያል። ዓይኑን አልጨፈነም።

መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ከዚያ ድልድዩ ላይ ብቅ ያሉት በሕይወት ያሉት ምባህ ካርዮ ነበሩ፤ ንጹሕ ሳሮንግ ለብሰው፣ የወንድ ሥራ አይደለም ሳይሉ ሳፋ ሙሉ ሩዝ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው። ከኋላቸው ሚስታቸው፣ ከዚያ ጎረቤቶቻቸው፣ ከዚያ መንደሩ። የምቦክ ሩክሚ ቤት ስላልበቃ ሰዉ የጡብ ማድረቂያው ሜዳ ላይ ምንጣፍ አነጠፈ።

ምባህ ካርዮ ሳፋውን ደጃፏ ላይ አስቀመጡ።

«የሱን ሩዝ ነው የበላሁት» አሏት። «ይኸው መለስኩ።»

ከፍ አድርገው ስለተናገሩት ሰው ሁሉ ሰማ። የሳቀ አልነበረም።

ሐጂ ሙስታማር ዕቃውን አውርዱ አላሉም። ደብዳቤውን ጻፉ፤ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው። ሁለተኛው፣ እነዚህ ሰዎች የሚገጥሙት ድምፅ የተባለውን ሁሉ ያሰማል ይላል። ሦስተኛው፣ ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ምን እንደምትሉ እወቁ ይላል። ማስ ማርዎቶ ቤት ወስዶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ?» አለ።

እህቴ ከእጁ ወስዳ አነበበችው። «ሱራባያ አንሄድም ነው የሚለው» አለችና ወደ ሩዟ ተመለሰች።

ከአሥሩ መስጊዶች ሰባቱ ጠሩን። ማስ ማርዎቶ አሁንም አዲስ ቦታ ሲደርስ ያጨበጭባል። ካጨበጨበ በኋላ ግን ገመድ እንዳንፈታ ይከለክለናል። በር ላይ ላገኘው ሰው፣ ለጥበቃም ሆነ ለሻይ ሻጭ፣ እዚህ የተነገረው ያልገባው ሰው የት ሄዶ ነው የሚጠይቀው ይለዋል። ሰውየው በእጁ ይጠቁመዋል፤ አንዳንዴ አጥር ነው፣ አንዳንዴ አግዳሚ ወንበር፣ አንዴም የመናኸሪያ ሽንት ቤት በር ነበር። ሄዶ እዚያ ይቆማል። ካርቶን የሚቀደደው ከዚያ በኋላ ነው።