ስለ እኔ ብለሽ

እንድርያስ ቪዲዮውን አቆመው። ጋሽ ሀብታሙ ወንበሩ ላይ ተደላድለው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው፣ ስክሪኑን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያዩት።

«ለምን አቆምከው?» አሉት። «ገና ዋናው ነገር አልመጣም።»

«ዋናው ነገር ምንድን ነው?»

«ሲታረቁ ነዋ።»

ክሊኒኩ ያለው ባሕር ማዶ፣ ዱሉዝ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ባልና ሚስት በአማርኛ የሚታከሙበት ቦታ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሰው ከሩቅ እየነዳ ይመጣል። እንድርያስ እዚያ በቴራፒስትነት ለዓመታት ሠርቷል። አሁን የሚፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነው፤ ሙሉ ፈቃዳቸውን ገና ያላገኙ ቴራፒስቶችን የሚያሠለጥንና ሥራቸውን የሚመዝን ሱፐርቫይዘር መሆን። ለዚህ ኮርሱን መጨረስ ብቻ አይበቃም። ሠልጣኝ ይዞ፣ ሲያሠለጥን ራሱን እየቀረጸ፣ ቅጂውን ጎረቤት ከተማ ደንዉዲ ለምትገኘው ለራሱ አሠልጣኝ ለዶክተር ሚካኤላ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ማሳየት አለበት። እሷ ካላጸደቀችለት ነገሩ የለም።

በአማርኛ የሚሠራ ሠልጣኝ ሲፈለግ የተገኙት ጋሽ ሀብታሙ ብቻ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ተምረው ማስተርሳቸውን ይዘዋል። በከተማው ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ያለ አይመስልም።

እንድርያስንና ሚስቱንም አስታርቀዋል። በአሠልጣኝና በሠልጣኝ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ካለ አስቀድሞ መነገር እንዳለበት ደንቡ ያዛል። እንድርያስ ግን ለዶክተር ሚካኤላ አልነገራትም። ቢነግራት ሠልጣኝ አይኖረውም፤ ሠልጣኝ ከሌለው ደግሞ ሱፐርቫይዘርነቱ ቀረ ማለት ነው።

ጋሽ ሀብታሙ ባልና ሚስት ሲያክሙ የተቀረጸውን ቪዲዮ መልሶ አስኬደው። ስክሪኑ ላይ ባልየው አንገቱን ደፍቷል፤ ሚስትየው የመኪና ቁልፏን ጨብጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ሀብታሙ ተነስተው መካከላቸው ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ አባትሽ ነኝ። በቃ፣ ስለ እኔ ብለሽ ተነሺና ሳሚው።»

ሴትየዋ ወለሉን አየች። ከዚያ ተነሳች። ባሏ ሲያቅፋት፣ ቁልፉን የያዘው እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አየህ?» አሉ ጋሽ ሀብታሙ። «በሦስተኛው ቀጠሮ። አንተ ብትሆን እስከ ገና ኖት ትይዝባቸው ነበር።»

«ጋሽ ሀብታሙ፣ ይሄ ሕክምና አይደለም። ተነሺ ስላሏት ተነሳች። ምን እንደሚሰማት እኮ ማንም አልጠየቃትም።»

«ቤት ሲፈርስ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ያስተማሩን እሱን ነው?»

«ዝም ብለው ይዩ አላልኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሽበትዎን እንደ ዱላ አይጠቀሙበት ነው ያልኩት።»

የጋሽ ሀብታሙ ፊት ተለዋወጠ። «ዱላ» አሉ ቀስ ብለው። «ደውለህ፣ ጋሽ ሀብታሙ ይድረሱልኝ፣ ሐምራዊት ልጄን ይዛ ሄደች ያልከኝ ጊዜ ዱላ ነበርኩ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው? ነፍሰ ጡር ሚስትህን ትተህ ለትምህርት ሌላ ስቴት ሄድክ። ስትወልድ እንኳ አልደረስክላትም። እሷም ልጇን ታቅፋ ማሪዬታ ከተማ ያለችው እህቷ ቤት ገባች። አራት ሽማግሌዎች ሆነን ሄድን። ስለ እኔ ብለሽ አልኳት፤ ተነሳች። ያን ቀን ይሄ ሕክምና አይደለም አላልከኝም። ጉልበቴን ልትስም ነበር የጎነበስከው፣ ሱፐርቫይዘሬ።»

እንድርያስ ስክሪኑን አጠፋው። ሐምራዊት ያን ቀን ስትነሳ ታየችው። ሕፃኑን ለእህትሽ ስጪ ስትባል አልሰጠችም ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር ያቀፈው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ፣ ያን ቀን ይቅርታ ያገኘበት ቀን አድርጎ ይዞታል።

«ለማን ብላ የተነሳች ይመስልሃል?» አሉ ጋሽ ሀብታሙ፣ ልቡን ያነበቡት ይመስል። «እስቲ ሂድና ጠይቃት። ደግሞ ስለ ሥራዬ የሚያስከፋኝ ነገር ብትጽፍ፣ ቤትህን ማን እንዳቆመልህ ለዚያች ዶክተር እኔው እነግራታለሁ። እንግሊዝኛዬ ለእሱ አያንስም።»

ተነስተው ወጡ። በሩንም አልዘጉት።

እንድርያስ ቤት ሲደርስ ሐምራዊት የነርስ ልብሷን ለብሳ፣ ለከሰዓቱ ፈረቃ ምሳዋን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ልጃቸው ትምህርት ቤት ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እነ ጋሽ ሀብታሙ እህትሽ ቤት የመጡ ቀን» አለ፣ «ይቅር ብለሽኝ ነበር?»

እጇ ከሥራው አልቆመም። «ዛሬ ምን ተገኘ?»

«እንዲሁ ነው።»

«አንተ እንዲሁ ጠይቀህ አታውቅም።»

«ጋሽ ሀብታሙ አስፈራሩኝ። እንዳስታረቁን ለዶክተሯ ሊነግሯት ነው።»

«እና?»

«እና፣ ከልብሽ ይቅር ብለሽኝ ከነበረ፣ ያለቀ የደቀቀ የቤተሰብ ነገር ነው ልላት እችላለሁ። ሥራውን አይነካውም ማለት ነው።»

ሐምራዊት አሁን ቀና አለች። «እንደዚያ አትለኝም። ለሰርተፍኬትህ ነው የፈለግከው።»

«እንደሱ አይደለም።»

«እንደሱ ነው። ያኔም ትምህርትህ፣ አሁንም ትምህርትህ። ሽማግሌዎችህን ሶፋው ላይ ደርድረህ አጠገባቸው ዝም ብለህ ተቀመጥክ። አንዲት ቃል አልተነፈስክም። እህቴ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ እኔ እምቢ ብል በማግስቱ ከተማው ሁሉ ስሜን ያነሳዋል። ለእነሱ ተነሳሁ። በቃህ? በል ለዶክተርህ ጻፍላት።»

ቦርሳዋን አንግታ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ጠዋት ደንዉዲ ሄደ። ያልነገራትን ሁሉ ነገራት። ዶክተር ሚካኤላ ዐይኗን ከፊቱ ሳትነቅል አዳመጠችው፤ እስኪጨርስ አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም።

«ስለዚህ ሰው በጠየቅኩህ ቁጥር፣ ዕድሜው ስለገፋ እርማት አይቀበልም ትለኝ ነበር» አለችው። «እርማት ሰጥተኸው ታውቃለህ?»

«እስከ ትናንት አልሰጠሁትም። ፈርቼው ነበር።»

«አንተ ስትፈራው ታካሚዎቹ እጁ ላይ ነበሩ።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ መሆኔን አልጠየቅኩህም። ከእሱ ጋር የሠራኸው አይቆጠርልህም። ሱፐርቫይዘርነትህንም አላጸድቅም። ከፈለግክ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ሠልጣኝ ይዘህ፣ ከዜሮ ትጀምራለህ። እኔ ግን መልሼ እቀበልሃለሁ ብዬ ቃል አልገባም።»

ከዚያ የሠልጣኙ ጉዳይ ምን እንደሚሆን ነገረችው፤ ሌላ ሱፐርቫይዘር ይመደብለታል፣ ቪዲዮዎቹም በአስተርጓሚ ይታያሉ። እንድርያስ አልተከራከራትም። አሳንሰር ውስጥ ሲገባ ግን የሚወርድበትን ቁልፍ መጫን ረስቶ፣ ሌላ ሰው እስኪገባ ድረስ ቆሞ ቀረ።

ለጋሽ ሀብታሙ ራሱ ሊነግራቸው ፈለገ። ክሊኒኩ ውስጥ ቆመው ሰሙት።

«እኔን ለመጣል ብለህ ራስህን ጣልክ?» አሉት።

«እርስዎን ለመጣል አይደለም። ሊነግሯት አልነበር? ቀደምኩዎት።»

«ቤትህን ያቆምኩልህ ሰው ነኝ እኮ።»

«ቤቴን አላቆሙልኝም፣ ጋሽ ሀብታሙ። ሚስቴን ከመቀመጫዋ አስነሱልኝ። ቀሪውን እኔ መሥራት ነበረብኝ።»

«ባልጠራኸኝ ኖሮ ልጅህ ዛሬ አባቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚያየው። እሱንስ ለዶክተርህ ነገርካት?»

እንድርያስ ሐሰት ነው ሊል አይችልም፤ ሰውየው ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል።

«አልነገርኳትም» አለ። «ግን ያቺን በቪዲዮው ያየናትን ሴት ለብቻዋ ያነጋግሯት። ተነሺ አይበሏት።»

«ከእንግዲህ አንተ አታዘኝም። ቤተ ክርስቲያንም ስታየኝ ሰላም እንዳትለኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ይለኛል ደግሞ። ሂድ ከፊቴ።»

ሐምራዊት ያን ቀን ሥራ አልነበራትም። ሳሎን ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ሲገባ ቀና ብላ አላየችውም።

«ነገርኳት» አለ።

«ምን አለችህ?»

«ቀረ። የሠራሁት ሁሉ አይቆጠርም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የልጃቸውን ሸሚዝ እጅጌ አቃንታ አጠፈችው። ያዘነችለት አትመስልም፤ ደስ ያላትም አትመስልም። ሸሚዙን ክምሩ ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እንግዲያው አሁን ጠይቀኝ» አለች።

እንድርያስ ጠየቃት። «ያን ቀን ይቅር ብለሽኝ ነበር?»

«አላልኩህም። ከዚያ ወዲህም አላልኩህም።»

ለምን እንደሄደ ሊያስረዳት፣ ያኔ ዕድሉ ቢያመልጠው ምን ይሆን እንደነበር ሊነግራት ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠው።

«ቆመህ አይደለም የምትሰማኝ» አለች ሐምራዊት። «ቁጭ በል። ገና ነው።»