ሰው አልጻፈውም

በመዳብ ማዕድን ከተማዋ በኪትዌ፣ ቺምዌምዌ በሚባለው ሰፈር፣ በመምህር ካፓምብዌ እጅ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው። ማዕድን ጉድጓድ የሚወርደውም፣ ቺሶኮኔ ገበያ ቲማቲም የምትቸረችረውም እንግሊዝኛ የተማሩት ከእሳቸው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው አንዳንዶቹ ከሩቅ እጅ ነስተው በሌላ በኩል ይታጠፋሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ እንዳይታረሙ።

ሙሌንጋ አንድ ልጃቸው ናት። የሰፈሩ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሲያባርር እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ድርሰት ትጽፍ ነበር። አባቷ ከጎኗ ሆነው ያርማሉ። “እናቴ፣ ጽሑፍሽ እንደ ተጠረገ ግቢ ይሁን” ይሏታል። “የገባ ሰው እግሩን የሚያደናቅፈው ድንጋይ አይኑር።” እሷም እንዲያው ሆና አደገች። አድጋም በከተማው ለነበረ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ትጽፍ ጀመር።

ጣቢያው ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እናቷ አልጋ ላይ ዋለች። ሙሌንጋ ሌላ ሥራ መፈለጉን ትታ እናቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ከረመች፤ በመጨረሻም ቀበረቻት። ሐዘኑ ሲበርድ ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። የትም “እንደውልልሻለን” ይሏታል፤ የደወለ ግን የለም።

አንድ ቀን አብሮ አደጓ ታማንዳ ጄሬ አገኘቻት። ታማንዳ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ በኮምፒውተር ትጽፋለች፣ የፓስፖርት ፎቶ ትሠራለች። በጎሣዋ ንጎኒ ናት፣ ሙሌንጋ ደግሞ ቤምባ። ቤምባና ንጎኒ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም።

“አንቺ ዝንጀሮ በሊታ” አለቻት ታማንዳ፣ “ያንን እንግሊዝኛሽን ጓዳ ቆልፈሽበት ልትሞቺ ነው? የውጭ አገር ድረ ገጾች እኮ ጽሑፍ ይገዛሉ። ቤትሽ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ፣ ትልኪያለሽ፣ ይከፍሉሻል።”

“ለማን ነው የሚከፍሉት? ለማያውቁት ሰው?”

“እኔን አይጥ በሊታዋን የሚያምን ደንበኛ ካለ አንቺን የሚያምን ይጠፋል?”

ሙሌንጋ ያን ሰሞን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጻፈች። ዝናቡ ሲጀምር ከዛፍ ላይ ስለሚለቀመው አባጨጓሬ ነበር፤ እንዴት እንደሚጸዳ፣ እንዴት ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ሲጠበስ ምን ምን እንደሚል። ለአንድ የምግብ ድረ ገጽ ላከችው። መልሱ አጭር ነበር፦ “እናመሰግናለን። ለአንባቢዎቻችን የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም።”

ታማንዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ፈረንጅ አባጨጓሬ ይፈራል! የሚወደውን ጻፊለት እንጂ።”

“ምን ይወዳል?”

“ድመት። በረዶ።”

ሙሌንጋ በረዶ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ቢሆንም አነበበች፣ ጠየቀች፣ ከቤት ጣሪያ ላይ በረዶ እንዴት እንደሚጠረግ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅታ ላከች። ተመለሰ። “ጸሐፊዋ በረዶ ያየች አትመስልም” ይላል።

“እሱስ እውነታቸውን ነው” አለች። ሁለቱም ሳቁ። ያኔ ገና ይስቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የላከቻቸው ግን “አይሆንም” እንኳ የሚላቸው አጡ። አንዱን ለመጻፍ መብራት እየጠበቀች፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሯን ተሸክማ ታማንዳ ሱቅ ጄኔሬተር አጠገብ እየተቀመጠች ሳምንት ትደክማለች፤ ትልካለች፤ ዝም። መጀመሪያ ስልኳን ጠዋትና ማታ ታይ ነበር። በኋላ ድስት እያማሰለችም፣ ልብስ እያሰጣችም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ማየት አመጣች። ለካ እንቢታም ለሰው ክብር ኖሯል፤ ቢያንስ አንድ ሰው አንብቦ እንቢ ብሏል ያሰኛል።

ይባስ ብሎ አባቷ ወሬውን ነዝተውታል። “ልጄ ለውጭ አገር ሰዎች ትጽፋለች” ብለው ከጸሎት በኋላ ለአሮጌ ተማሪዎቻቸው ይናገራሉ። እነሱም ሙሌንጋን ሲያገኟት “የት ነው የምናነብሽ?” ይሏታል። እሷ “ይወጣል፣ ይወጣል” እያለች ታልፋለች። አባቷም በየቀኑ ከሸምበቆ ወንበራቸው ሳይነሱ ይጠይቃሉ።

“አዘጋጆቹ ምን አሉ እናቴ?”

“እያዩት ነው አባባ።”

“ጥሩ አዘጋጅ አይቸኩልም” ይላሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

በመጨረሻ ሙሌንጋ ድመቱንም በረዶውንም ትታ የምታውቀውን ልትጽፍ ቆረጠች። አንድ የጤና ድረ ገጽ በሽተኛን ቤት ውስጥ ስለ ማስታመም ጽሑፍ እንደሚፈልግ አስታውቆ ነበር። ይህን ለመጻፍ ማንንም መጠየቅ፣ ምንም ማንበብ አላስፈለጋትም። ጀርባ እንዳይቆስል ሰውን እንዴት እንደሚያገላብጡት፣ ገንፎ እስከ ምን ድረስ እንደሚቀጥን፣ አንደበቱ የተያዘ ሰው በዓይኑ ምን እንደሚል፣ ሁሉን ጻፈች። የእናቷን ስም አላነሳችም። እየጻፈች ግን ሁለት ጊዜ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። መዝጊያው ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ “የታማሚው ከንፈር ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ አስነኩት፤ መዋጥ ባይችል እንኳ ውሃው እንዳልቀረበት ይወቅ።” አባቷ ያኔ ታመው ተኝተው ስለነበር ሳታስነብባቸው፣ በድረ ገጹ ማስገቢያ ላይ ለጥፋ ላከችው።

የዚህ መልስ ፈጥኖ መጣ። “ጽሑፍሽን መርምረነዋል። ዘጠና አንድ ከመቶው በማሽን የተጻፈ ነው። ሰው ያልጻፈውን አንቀበልም።”

ደጋግማ አነበበችው። ኮምፒውተሩን ዘግታ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች። አባቷ ትንሽ ተሽሏቸው ፀሐይ ይሞቁ ነበርና ፊቷን አይተው ጠየቁ። ከዚያ በላይ መዋሸት አቃታት፤ ያለውን ነገረቻቸው፤ አባጨጓሬውንም፣ በረዶውንም፣ ዝምታውንም።

መምህሩ ሌላውን ሁሉ የሰሙት አልመሰሉም።

“ማሽን?” አሉ። “የቱ ነው ማሽኑ? እኔ ነኝ?”

“ተዉት አባባ። ስህተት የሌለበትን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት አሁን።”

“እንዴት ነው ነገሩ? እኔ ልጅነትሽን ቁጭ አድርጌ የበላሁብሽ ስህተት እንዳይኖርበት አልነበረም?”

ከሕመማቸው ሳያገግሙ ደብዳቤ ካልላክን አሉ። እሳቸው ተናገሩ፣ እሷ ጻፈች። “ይህችን ልጅ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደምትሠራ አውቃለሁ። ምስክር ካስፈለገ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።” ላከችው። ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ መልስ መጣ፦ “መልእክትዎ ደርሶናል። ወደዚህ አድራሻ የሚላከውን የሚያነብ ሰው የለም።”

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ሲጠርጉ ቆዩ።

ሙሌንጋ፣ ስህተት ካለበት የሰው ይመስላል ብላ፣ በሌላ ጽሑፍ ላይ ዓረፍተ ነገሮቿን በገዛ እጇ ልትሰብር ሞከረች። እዚህ ፊደል ገደፈች፣ እዚያ ግስ አጣመመች። እጇ አልታዘዝ አላት፤ ያጣመመችውን ሳታውቀው መልሳ ታቀናዋለች። እንደምንም አበላሽታ ለሌላ ድረ ገጽ ብትልከው ደግሞ “ስህተት በዝቶበታል” ተብሎ ተመለሰ። ያን ቀን ታማንዳ ሱቅ ውስጥ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ወረፋ የያዙት ሰዎች ያላዩ መስለው ወደ መንገዱ ዞሩ።

“በቃ ስሚኝ” አለች ታማንዳ። “እዚህ የሚመጡት የኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ፕሮግራም አላቸው። ጽሑፍሽን ትሰጪዋለሽ፣ እሱ አጥቦ የሰው ያስመስለዋል።”

“የሰው እኮ ነው!”

“አውቃለሁ እህቴ። እነሱ ግን አያውቁም።”

ሙሌንጋ ብዙ አሰበች። ከዚያ ስለ እናቷ የጻፈችውን ከፍታ ለፕሮግራሙ ሰጠችው፤ የታጠበውንም በነበረው ላይ ለጥፋ አስቀመጠችው። ከንፈሩ ጋ ስትደርስ እንዲህ ይላል፦ “ከንፈር ደረቀ? አትደናገጡ ጓዶች! እርጥብ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው፣ አለቀ! በሽተኛችሁ ያመሰግናችኋል፣ እመኑኝ!” እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻለችም። ዓይኗን ጨፍና ለሦስተኛ ድረ ገጽ ላከችው።

በሁለተኛው ቀን ተቀበሏት። “ይሄ ነው እንጂ!” አሏት። “የሰው ድምፅ ሰማን። በዚሁ ቀጥዪ።”

ታማንዳ ከሙሌንጋ በላይ ደስ አላት። ጽሑፉ ወጥቶ እንዳየችው፣ ቁጭ ብላ ሳታነበው፣ ባለ ቀለም አድርጋ አተመችና እየሮጠች መምህሩ ቤት ወሰደችው። “አባባ፣ የልጅዎ ጽሑፍ ወጣልዎ!” ብላ ሰጥታቸው ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሙሌንጋ ከገበያ ስትመጣ አባቷ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። ካፔንታ ዓሣ የያዘው ፌስታል ከእጇ ሳይወርድ እግሯ ደረጃው ላይ ቀረ።

“ተቀመጪ” አሏት።

ተቀመጠች።

“ይሄ ስለ እናትሽ ነው?”

“አዎ አባባ።”

“‘ጣል ማድረግ ነው፣ አለቀ’ ይላል።”

አባቷ ሲናደዱ የሚያወጡትን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ያንን ጠበቀች። አልመጣም። በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብለው፣ “ስትጽፊው አሞሽ ነበር እንዴ?” አሏት።

“እኔ አልጻፍኩትም።”

“ታዲያ ማን ጻፈው?”

“ማንም።”

ጎረቤት ግቢ ውስጥ ልጆች ይጫወቱ ነበር። መምህሩ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉና፣ “አንቺ የጻፍሽው የታለ?” አሉ። “እሱን ስጪኝ።”

ያኔ ነው የገባት። ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ የታጠበው ብቻ አለ። የመጀመሪያውን የጤና ድረ ገጽ ብታይ የመለሱትን ጽሑፍ አያስቀምጡም። ታማንዳም መጥታ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች፤ እየሞከረችም አለቀሰች። ሙሌንጋ የታጠበውን ያወጡትን ሰዎች ቢያንስ አጥፉልኝ ብላ ለመነቻቸው። “ጽሑፉ አሁን የእኛ ንብረት ነው” አሏት።

“እንደገና ጻፊው” አሉ አባቷ። “እናትሽን ረስተሻታል? አልረሳሻትም። ጻፊው፣ አትቸኩዪ።”

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። አባቷ እንዳትጨነቅ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። የእናቷ ፊት መጣላት፤ እጇ መጣላት፤ የክፍሉ ሽታ ሳይቀር መጣላት። እስክሪብቶው ሲነካ ግን “ጓዶች” የሚለው ቀድሞ ይወጣል። ሰረዘች። ሌላ ጀመረች። የራሷን ዓረፍተ ነገር ስታገኘው ደግሞ በጣም የተጠረገ፣ በጣም ልክ የሆነ መሰላትና ማሽን የጻፈው ነው ስትል ሰረዘችው። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ አባቷ ከጓሮ ተመለሱ፤ ስርዝ የሞላውን ወረቀት አይተው ወደ ቤት ገቡ። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም።

ሌሎች ጽሑፎች በራሷ እጅ ጽፋ ለተቀበሏት ሰዎች ላከች። ሁሉም ተመለሱ። በመጨረሻ “የቀድሞው ድምፅሽ ጠፍቷል” ብለው በድረ ገጹ ላይ የነበራትን የጽሑፍ መላኪያ ዘጉባት።

አሁን ታማንዳ ሱቅ ትሠራለች። የሥራ ማመልከቻ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የቀብር ማስታወቂያ ትጽፋለች። በቅርቡ ከማዕድን ሥራው የተቀነሰ አንድ ሰው ማመልከቻ ሊያጽፍ መጣ።

“እኔም የአባትሽ ተማሪ ነበርኩ” አላት በኩራት። “ታውቂበት የለ፣ በደንብ አድርገሽ አሳምሪልኝ።”

“ብዙ ባላሳምረው ይሻላል” አለችው። “ካማረ አንተ ነህ ብለው አያምኑም።”

ሰውየው ግራ ገብቶት አያት። እሷም የነገራትን እንደ ወረደ ጻፈች፣ አትማ ሰጠችው፣ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራች።

ማታ ከአባቷ ጋር የበቆሎ ገንፎውን ንሺማ በአትክልት ይበላሉ። መምህሩ ዝናቡ ዘንድሮ እንደዘገየ፣ የጎረቤቱ አጥር እንዳዘመመ ያወራሉ። እሷም “አዎ አባባ” ትላለች። ስለ ጽሑፍ አያነሱም።