ሰባተኛው ቀረጻ

ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በበዓሉ ዋዜማ ነው። ቀጮ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር።

ቀጮ የሻንጣ ፈታሿ ታናሽ ወንድም ነው። እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አየር ማረፊያ ውስጥ ከአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጣ የሰው ሻንጣ ሆድ ዕቃ ስትመለከት የኖረች ናት። ፊልም ሠሪዎች አሮጌውን ተርሚናል ተከራይተው፣ ሮጦ የሚያልፍና ወድቆ የሚሞት ሰው ሲፈልጉ፣ ወሬውን ለወንድሟ ያደረሰችው እሷ ነበረች። የፊልሙ ታሪክ ልብ የሚሰቅል ዓይነት ነው። ሰው ሁሉ ለበዓል ወደ ቤቱ ሊበር በተሰለፈበት ቀን ታጣቂዎች አየር ማረፊያውን ይይዛሉ፤ አንድ አንካሳ ዘበኛ ብቻውን ይገጥማቸዋል። የቀጮ ድርሻ ገና በሁለተኛው ተኩስ መሞት ነበር። ለጎረቤት ሲያወራው ግን ዘበኛው ያለ እሱ አንድ እርምጃ የሚራመድ አይመስልም። እናቱንም ፊተኛው ረድፍ አስቀምጬ አሳይሻለሁ ብሏት ነበር። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ቤት ውስጥ ፎቶው ሞልቷል። እናቲቱ ግን ፎቶ አይተነፍስም ትላለች። የፈለገችው ሲንቀሳቀስ ማየት ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ከሴት ልጇ የጠየቀችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ፈታሿ ትኬት ቆርጣ ይዛት ሄደች። ፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ተኩሱ ሲጀመር ሰው ተንጋጋ፣ መስታወት ረገፈ፣ ካሜራው በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ በሬሳዎች መሃል አለፈ። ቀጮ ሦስተኛው ነበር። በሆዱ ተደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ሻንጣ ተሸካሚው ጋሪ አዙሮ ተኝቷል። ያወቀችው በማጅራቱ ነው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዘወር ብላ እናቷን አየቻት፤ እናቷ ፊልሙ ውስጥ ያለውን በር በሩን እያየች ልጇ እስኪገባ ትጠብቃለች።

"መቼ ነው የሚመጣው?" አለቻት በሹክሹክታ።

"ቆይ፣ እማዬ።"

እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ዘበኛው አሸነፈ፣ አውሮፕላኖቹ ተነሱ፣ መብራት በራ። እናቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቆርጠው አውጥተውት ይሆናል አለች። ፈታሿ ማልቀስ እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን እንባዋ አልመጣም። አውቶቡስ መጣ፣ ተሳፈሩ።

በማግስቱ ሥራ ገብታ ስትጠይቅ፣ የፊልሙ ኤዲተር የት እንደሚሠራ አንድ የጥበቃ ባልደረባዋ ነገራት። ስትደውልለት ሰውዬው ፊልሙ ውስጥ ያልገባ ቀረጻ ሁሉ እስከ ሰኞ ብቻ እንደሚቆይ፣ ሰኞ ጠዋት ዲስኮቹ ተጠርገው የሳሙና ማስታወቂያ እንደሚገባባቸው አስረዳት። ቅዳሜ ሄደች።

ኤዲተሩ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣ በአንድ እጁ ዳቦ እየበላ በሌላው የሚሠራ ወፍራም ሰው ነው። ከአየር ማረፊያው ወለል ላይ ከተኙት አንዱን እንደምትፈልግ ስትነግረው ሳቀ።

"ኮከቡን ብሎ የሚመጣ ሞልቷል፤ ሬሳ ብሎ የመጣ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

"ወንድሜ ነው። አሁን በሕይወት የለም" አለችው።

ሰውዬው ዳቦውን አስቀመጠ። ከዚያ ከመደርደሪያ አንድ ደብተር አወረደ። ቀረጻ ላይ እያንዳንዱን ሙከራ የምትመዘግብ ልጅ አለች፤ ምን እንደተበላሸ በአጭሩ ትጽፋለች። ኤዲተሩ በጣቱ መስመር በመስመር ወረደ። አንደኛ፣ መስታወቱ አልተሰበረም። አራተኛ፣ ዘበኛው በጤነኛው እግሩ አነከሰ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። "ሬሳው አየ። አይሆንም" ይላል።

ካሜራ ማየት ለአጃቢ ተዋናይ ትልቁ ጥፋት መሆኑን ኤዲተሩ ነገራት። አንድ ሰው ወደ ሌንሱ ካየ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ለዚህ ነው ከስምንተኛው ጀምሮ ወንድሟን በሆዱ ያስተኙት።

ከፈተላት። ቀጮ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ዘርግቶ ተኝቷል። ሞቶ ያየችው እንዲህ አልነበረም፤ ይኼኛው ሞት ያምርበታል። ዘበኛው እያነከሰ ሮጦ መጣና ጣቱን ረገጠው። ቀጮ ዐይኑን ገለጠ። ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ አየ፤ ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነፋ። ከካሜራው ኋላ አንድ ሰው ተቆጣ፦

"አንተ ሬሳ! አልነገርንህም እንዴ?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ጣቴን ረገጠኝ።" ብድግ ብሎ ተቀመጠ፣ ጣቱን አራገፈ። "እንደገና ልሙት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀረጻው እዚያ ላይ ያልቃል።

ፈታሿ ስክሪኑን ሻንጣ እንደምትፈትሽበት ዐይን አየችው። ድገምልኝ አለችው፤ ደገመላት። አራተኛ ጊዜ ሲደግምላት፣ "እንደገና" ሊል ሲል እዚያ ላይ ቁረጥልኝ አለችው።

"አፉን ሊከፍት ሲል ይቋረጣል እኮ፣ እህቴ። ያስታውቃል።"

"ያስታውቅ። ለእናቴ ነው።"

ቆርጦ ስልኳ ላይ ጫነላት።

እናቲቱ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። አየች። የቀጮ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይቅርታ ጋሼ ሲል ተሰማ። ፈታሿ የእናቷን ማልቀስ ጠበቀች፤ እናቲቱ ግን አላለቀሰችም።

"ከስቷል" አለች። "ወለሉ ይቀዘቅዛል?"

"ይቀዘቅዛል።"

ደግማ አየችው። ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ቀጮ አፉን ከፍቶ ምስሉ በቆመበት፣ ስልኩን ወደ ልጇ አዞረች።

"ሊናገር ነበር። ምን አለ?"

ፈታሿ ከቅርጫቱ አንድ ሸሚዝ አንስታ እጅጌውን አስተካከለች።

"ልነሳ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።"

"ምን አሉት?"

"ተነስ አሉት።"

"ደግ አደረጉ" አለች እናቲቱ፤ ስልኩን መለሰችላትና የሸሚዙን ሌላ ጫፍ ያዘች።